የደረቀ አፍ በሚሊሊትር ብቻ አይለካም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ አንድ ጤና ተቋም ጎራ ብለው ነበር። እዚያ ተማሪዎች ወረቀት ይዘው ታካሚዎችን የአፍ መድረቅ የኑሮ ጥራታቸውን እንዴት እንደነካ ሲጠይቁ አዩ። አፍዎ ስለሚደርቅ ምግብ መዋጥ ይቸግርዎታል? ሰው ፊት መብላት ያሳፍርዎታል? እንዲህ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች። ጸሐፊው ተናደዱ። አፉ የደረቀ ሰው ውሃ ይጠጣ አሉ። መለካት የፈለገ ምራቁን ይለካ፣ ስሜት አይለካም አሉ። መጠይቁ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ሰው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በቅጡ አይመልስም አሉ። ግማሹን ሰው ያደረቀው ጫት ነው፣ መድኃኒት በሌለበትስ መጠየቁ ምን ይረባል ብለው፣ ሎሚ ምጠጡ በሚል ምክር ጨረሱ።

ጽሑፉ ይነበባል። ያሳቀኝም ቦታ አለ። እኔ ግን ውሎዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው። አፌ ደረቀ የሚል ሰው ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ከውሃው ልጀምር። ምክሩ ክፋት የለውም፣ እኔም እመክራለሁ። ግን ምራቅና ውሃ አንድ አይደሉም። እርግጥ 99 በመቶው ውሃ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ያ የቀረው አንድ በመቶ ነው። አፍን የሚያለሰልሰው ዝልግልግ ነገር፣ አሲድ የሚያረግበው ባይካርቦኔት፣ ጥርስ የሚጠግነው ካልሲየም፣ ጀርም የሚከላከሉት ፕሮቲኖች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ምራቅ ያመነጫል። ውሃ ግን ተጎንጭተውት ወረደ፣ አለቀ። ትንሽ ቆይቶ ምላስ ተመልሶ ላንቃ ላይ ይጣበቃል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወጡ ሚኒባስ ውስጥ ሃይላንድ ከእጁ የማይለይ ሰው ካያችሁ ውሃ አነሰው ብላችሁ አትፍረዱ። እየጠጣም ይደርቃል። (በነገራችን ላይ፣ ብዙ የሚጠጣ፣ ብዙ የሚሸና፣ ክብደቱም የሚቀንስ ሰው ስኳሩን ቶሎ ይመርመር። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ምራቁን ለኩት የሚለው ክርክራቸው ከሁሉም ጠንካራው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ምራቅ ይለካል፣ እውነት ነው። ማሽን እንኳን አያስፈልገውም። ታካሚው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ ይቆያል። ከዚያ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ምራቁን ሳይውጥ መስመር ባለው ብልቃጥ ውስጥ ያንጠባጥባል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። የተገኘውን ለደቂቃው ማካፈል ነው። ምንም ሳያኝኩ የሚወጣው ምራቅ በአማካይ በደቂቃ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሊትር ይሆናል። 0.1 እና ከዚያ በታች ከወረደ ምራቁ አንሷል ይባላል። ጸሐፊው ይህን ቁጥር ይዘው፣ ከ0.1 በላይ ያለው ሰው አፉ አልደረቀም፣ ቢናገርም ቅብጠት ነው ወደሚል ድምዳሜ ሄዱ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ካናዳዊው ተመራማሪ ኮሊን ዶውስ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳየው አንድ ነገር አለ። ሰው አፉ መድረቁ የሚሰማው ምራቁ ከራሱ ከቀድሞው መጠን በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ነው። ከጎረቤቱ ሳይሆን ከራሱ። እስቲ ቁጥር እናስገባበት። አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በደቂቃ 0.5 ሚሊሊትር ነበራት እንበል። መድኃኒት ጀመረችና ወደ 0.22 ወረደ። በብልቃጡ መሠረት ጤነኛ ናት። እሷ ግን ቆሎ መቆርጠም አቅቷታል፣ ሌሊት ምላሷ እየተጣበቀ ትነቃለች። ሌላ ሰው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ 0.12 ነበር። አሁን 0.1 ላይ ነው። በብልቃጡ መሠረት ችግር አለበት፤ እሱ ምንም አልተሰማውም፣ ዳቦውን ያለ ሻይ ይበላል። ሃምሳ ዓመት ምራቁን ሲውጥ የኖረ ሰው ማን መነሻውን ለክቶለት ያውቃል?

ሌላም ምክንያት አለ። ብልቃጡ የሚለካው የጠቅላላውን ድምር ነው። ድርቀት ግን አፍ ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። ላንቃ ላይ ያለው የምራቅ ሽፋን ስስ ስለሆነ ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው። የምራቁ ዓይነትም ይለያያል፤ መጠኑ ሳይቀንስ ወፍሮ የሚዝለገለግበት ሰው አለ። ይህን ሁሉ ሚሊሊትር አይናገርም።

ስለዚህ ብልቃጡን እንጣለው? በጭራሽ። የሾግረን በሽታ (ዓይንና አፍ አብሮ የሚያደርቅ ሕመም ነው፣ እመለስበታለሁ) አለ ወይስ የለም ለማለት ሐኪም ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የ0.1 መስመር ነው። በሽታውን ለማወቅ ብልቃጡን ያዙ። ሰውየው እንዴት እየኖረ ነው ለማለት ግን ሰውየውን ጠይቁ። ጸሐፊው ሁለቱን አንዱ የሌላው ምትክ አድርገው አቀረቧቸው። እኔ የምጣላቸው በዚህ ነው።

ስሜት አይለካም ላሉት ደግሞ ከካንሰር ሕክምና አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዝ ሐኪሞች 94 የጉሮሮ አካባቢ ካንሰር ያለባቸውን ታካሚዎች ሁለት ቦታ ከፍለው ያወዳደሩበት ጥናት ወጣ። ግማሾቹ የተለመደውን ጨረር አገኙ። ሌሎቹ በጆሮ ሥር ያለውን የምራቅ ዕጢ የሚያድን የተሻሻለ ጨረር አገኙ። ከአንድ ዓመት በኋላ መካከለኛ ወይም ከዚያ የከፋ ድርቀት የነበረባቸው በተለመደው ጨረር 74 በመቶ፣ በአዲሱ 38 በመቶ ነበሩ። ይህ ደረጃ በዋናነት የወጣው ታካሚዎቹ ከተናገሩት ነው። ስሜት አይለካም ብለው ቢተዉት ኖሮ አዲሱ ጨረር ምን ለውጥ እንዳመጣ በምን ያውቁ ነበር?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ጨረር ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው ዳነ ተብሎ ይደገስለታል። ድግሱ ላይ ግን ራሱ መብላት አይችልም።

ወደ መጠይቆቹ ስንመጣ ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተዋቸዋል። የሚለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዚላንዳዊው ተመራማሪ ቶምሰን የተዘጋጀው የአፍ ድርቀት መጠይቅ 11 ጥያቄዎች አሉት። ለእያንዳንዱ መልሱ ከበጭራሽ እስከ በጣም ብዙ ጊዜ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል። ጸሐፊው ጤነኛ ሰው ዜሮ ያገኛል ብለዋል። አያገኝም። ዝቅተኛው 11፣ ከፍተኛው 55 ነው። በ2001 የወጣው ባለ 15 ጥያቄው ደግሞ ራስና አንገታቸው ላይ ጨረር ለወሰዱ ሰዎች የተሠራ ነው፤ ድርቀቱ ሥጋን፣ መንፈስንና ማኅበራዊ ኑሮን እንዴት እንደነካ ይጠይቃል። ኦሂፕ-14 የሚባለው የ1997ቱ መጠይቅ ስለ አፍ ጤና በጥቅሉ ነው የሚጠይቀው። ጥርሱን ያመመውም፣ ድዱ የደማውም ከፍተኛ ቁጥር ያመጣል። አፍ ለደረቀበት ሰው ኦሂፕን ብቻ ሰጥቶ ይኸው የድርቀቱ ጉዳት ነው ማለት ስሕተት ነው። ተማሪዎቹ ያንን አድርገው ከሆነ ወቀሳው ይገባቸዋል።

ከባለ 11ዱ ውስጥ ጸሐፊው ያላገጡበት ጥያቄ አለ። የፊትዎ ቆዳ ይደርቃል? ዓይንዎስ? አፍንጫዎስ? አፍ ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ብለዋል። ይገናኛል። ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን እ.ኤ.አ. በ1933 የጻፈው ስለዚሁ ነው፦ ዓይናቸውና አፋቸው አብሮ ስለሚደርቅ፣ መገጣጠሚያቸውን ስለሚያማቸው ሴቶች። ሰውነት የራሱን ዕጢዎች የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ እጅግ ይበዛል። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል የምትል ሴት የዓይን ጠብታ ልትገዛ ስትመጣ አፍሽስ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

መጠይቁ የፈረንጅ ነው በሚለው ግን ብዙውን እቀበላለሁ። ከተሳሳተ ቦታ ደረሱበት እንጂ ጅማሬው ልክ ነው።

አንዲት እናት አሉ፣ ደንበኛዬ። እንዴት እንደሚበሉ አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ በእጃቸው አሳዩኝ። እንጀራውን ከመሀል ነው የሚቆርሱት፤ ጠርዙ ስለሚደርቅ አይነኩትም። ወጡ ውስጥ ድፍቅ አድርገው እስኪርስ ይይዙታል። ከዚያ በውሃ ያወርዱታል። እስከዚህ መጠይቁም ይደርስበታል፤ ምግብ ለመዋጥ ፈሳሽ ይጎነጫሉ ወይ የሚል ጥያቄ አለው። የማይደርስበት ቀጥሎ ያለው ነው። ከአንድ ትሪ ሲበላ እሳቸው አንድ ጉርሻ እስኪያወርዱ ሌላው አምስት ጎርሷል። ስለዚህ ጠገብኩ ብለው ቀድመው ይነሳሉ። ምራታቸው ታጎርሳቸዋለች። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ተቀብለው ጉንጫቸው ሥር ይይዙትና ጀበና ላነሳ ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። የልጃቸው ሚስት ምግቤን ጠልተው ነው ብላ እንደምታዝን ያውቃሉ። አፌ ደርቆ ነው ማለት ደግሞ አፍሯቸዋል፤ አፍ ይሸታል ተብሎ ይታሰባላ።

ይኼ ነው የኑሮ ጥራት ማለት። ሁሉም የየራሱን ትሪ ይዞ በሚበላበት አገር የተሠራ መጠይቅ ስለ ጉርሻ አይጠይቅም። ስለ በሶም አይጠይቅም። ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ ተቀምጦ መንዙማ ማውጣት ስላቃተው ሰው አይጠይቅም። ቅዳሴ ላይ ድምፁ ስለሚቆራረጥ ዲያቆንም አይጠይቅም። ወሎ ውስጥ ድምፅህ ከሄደ ግማሽ ሰው ሆነሃል።

ጾምም አለ። ረመዳን ላይ በቀን ውሃ ይጎነጫሉ ብለህ ብትጠይቅ በጭራሽ ይላል። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾመውም እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም፤ እሱም በጭራሽ ይላል። ነጥባቸው ይወርዳል፣ ስቃያቸው ግን ጨምሯል። እዚህ አገር መጠይቅ የሚሞላ ሰው ቀኑን ብቻ ሳይሆን ጾም መሆን አለመሆኑንም ይጻፍ።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚያሳየው መጠይቁ መስተካከል እንዳለበት ነው፤ መጣል እንዳለበት አይደለም። የማስተካከያው መንገድ የታወቀ ነው። ወደ አማርኛ ይመለሳል። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ ነበረበት ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ከዚያ አፋቸው የደረቀ ሰዎች ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት ይናገራሉ። የጎደለው ይጨመራል። ሁኔታቸው ያልተለወጠ ሰዎች ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ደግመው ሲጠየቁ ተቀራራቢ መልስ መስጠታቸው ይታያል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ የጥናት ርዕስ ይፈልጋል። የጉርሻዋን ጥያቄ በነፃ ወስዳችኋል።

ቀጥሎ ጸሐፊው፣ የእኛ ሰው ቢጠይቁት ተመስገን ነው፣ አልሐምዱሊላህ ነው ከማለት ውጭ አይመልስም ይላሉ። ልክ ናቸው። የባሰ አታምጣ ብሎ ያደገ ሰው ኑሮዎ እንዴት ነው ቢባል አያማርርም። እኔም ብጠየቅ አላማርርም። ግን በዚህ ምክንያት ነው እኮ በጥቅል መጠየቅ የማይረባው። እንዴት ነዎት በሏቸው፣ ደህና ይላሉ። ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ተነስተው ውሃ ጠጡ በሏቸው፣ ኧረ ሦስቴ ይላሉ። ከረሜላ ኪስዎ ውስጥ አለ? አለ። ያደረጉትን መናገር ማማረር አይደለም፤ አላህንም እግዜርንም አያስከፋም። ጥሩዎቹ መጠይቆች እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች አሏቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን አያቶቻችን ራሳቸው ናቸው ያሉት።

እኔ ይልቅ የምፈራው ይሉኝታን ነው። መድኃኒቱን ያዘዘው ሰው ራሱ መጠይቁን ይዞ ከመጣ ታካሚው እሱን ላለማስከፋት ተሻለኝ ይላል። ልጅ አጠገብ ከቆመች ደግሞ ለእናቷ ትመልሳለች፣ እናት ዝም ትላለች። ሌላ ሰው ይጠይቅ፣ ለብቻ ይጠይቅ። ማንበብ ለማይችሉ ይነበብላቸው።

ጫትን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም። ጫት አፍ ያደርቃል። ሲቅሙ በስኳር የሚጠጣው ሻይና ለስላሳ ደግሞ በደረቀ አፍ ላይ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ነገር ግን ግማሹ ጫት ነው ማለት ከየት የመጣ ቁጥር ነው? እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ጫት አይነኩም። የሚያመሳስላቸው በእጃቸው የያዙት የመድኃኒት ወረቀት ነው። ለእንቅልፍ፣ ለነርቭ ሕመም ወይም ለድባቴ የሚታዘዘው አሚትሪፕታይሊን አፍ በማድረቅ የታወቀ ነው። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚወሰደው ክሎርፌኒራሚንም ያደርቃል። ለደም ግፊት የሚሰጡት የሽንት ክኒኖችም እንዲሁ። ለአእምሮ ሕመም ሃሎፔሪዶል የሚወስድ ሰው ሰውነቱ እንዳይገትር ትራይሄክሲፌኒዲል ይጨመርለታል፤ እሱ አፍን እንደ ቆርቆሮ ነው የሚያደርገው። ሁለትና ሦስቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ደግሞ አለ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ሰው የሚያድነው። አፌን አደረቀው ብሎ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ለሐኪሙ አይናገርም። የግፊት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው አንድ ቀን ወድቆ ይገኛል። የአእምሮ መድኃኒቱን ያቋረጠው ሕመሙ ያገረሽበታል። በጊዜ ተጠይቆ ቢሆን መጠኑ ይቀነስለት ወይም በሌላ ይቀየርለት ነበር። ተቀይሮለትም ለውጥ መኖሩን ለማወቅ በፊትና በኋላ ያለው ነጥብ ያስፈልጋል። (ይህን የምታነቡ፣ በራሳችሁ አታቁሙ። ያዘዘላችሁን ሰው አናግሩ።)

አንድ ማስጠንቀቂያ ለጠያቂዎቹም። ድምሩን ብቻ አትዩ። በባለ 11ዱ ሁለት ሰዎች 35 ሊያመጡ ይችላሉ። አንዱ ሌሊት ብቻ ነው የሚቸገረው፣ ምናልባት አፉን ከፍቶ ይተኛል። ሌላው ከረሜላ ሲመጥ ይውላል። የሁለተኛው ሰው ጥርስ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት በኩል እየተበላ ነው፤ እሱ ቶሎ ጥርስ ሐኪም ጋ ይሂድ።

መድኃኒት በሌለበት መጠየቅ ምን ይረባል? ምራቅ የሚያመነጨው ፓይሎካርፒን የሚባለው ክኒን መደርደሪያዬ ላይ የለም፣ አልዋሽም። ቢኖርም ያልባል፣ አስምና አንዳንድ የዓይን ግፊት ላለበት አይሆንም። ግን መድኃኒት እሱ ብቻ አይደለም። ያሉትን መድኃኒቶች መከለስ አለ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና አለ። አፍ ውስጥ የፈንገስ ነጭ ሽፋን ካለ ኒስታቲን አለ። ሰው ሠራሽ ጥርስን ማታ ማውለቅ አለ። ለምራት መንገር አለ፤ ይሄኛው ዋጋም የለውም።

ጊዜ የለም ለሚሉ ደግሞ ባለ 11ዱ በ2011 ወደ አምስት ጥያቄ አጥሯል። እኔ ክኒን ቆጥሬ ከረጢት ውስጥ እስክጨምር ድረስ አምስቱም ያልቃሉ።

የቀረው ሎሚው ነው። ሎሚ ምራቅ ያመጣል፣ እውነት ነው። ግን አሲድ ነው። ጤነኛ አፍ ውስጥ አሲዱን የሚያጥበው ምራቅ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ የጎደላቸው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሎሚ የሚመጥ አፉ የደረቀ ሰው የጥርሱን ሽፋን እያሟሟ ነው። ምራቅ ማምጣት ከፈለጋችሁ ስኳር የሌለው ማስቲካ አኝኩ። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢያንስ ይህችን ምክር ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል።